የሂሩት ጉንጭና የእኔ

ከስድስተኛ ክፍል በኋላ ትምህርት ስላልቀጠልኩ ጽሕፈቴ አያምርም፣ ፊደልም እሳሳታለሁ፤ ይቅር በሉኝ። እናቴ ቀበሌ ስብሰባ ሄዳ ሸማ ተራ ሱቃችን ውስጥ ነጠላ ስሸጥ፣ አብራኝ የተማረችው ጎረቤቴ ሂሩት ከነዩኒፎርሟ መጣች። እሷ ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ደርሳ ነበር።

«ዛሬ የጉንጬን ሴል በማይክሮስኮፕ አየሁት» አለችኝ። ጉንጯን ከውስጥ በክብሪት እንጨት ፍቃ ነው። «ዙሪያውን ስስ ሽፋን አለው። መሀሉ ላይ እንደ ነጥብ ያለው ኒውክለስ ይባላል፤ ሁሉን የሚያዘው እሱ ነው።»

«እንደ ቀበሌያችን ሊቀመንበር በይኛ።»

«ቀስ በይ፣ ይሰሙሻል» ብላ ሳቀች።

እኔን ግን ቅናት አንገበገበኝ። ከዩኒፎርሟ ይልቅ ያስቀናኝ ያንን ማየቷ ነው፤ እኔ ጉንጬን የማውቀው በመስታወት ብቻ ነው። እኔም ፍቄ፣ እንጨቱን ባዶ የፔኒሲሊን ብልቃጥ ውስጥ ከውሃ ጋር ጨምሬ «የኔንም እዪልኝ» አልኳት።

«አንቺ ልጅ፣ ጤናም የለሽ» እያለች ወሰደችው።

በማግስቱ መጥታ «ልክ እንደኔው ነው፣ ምንም አይለይም» አለችኝና ደስ ያለኝ መስሏት አቀፈችኝ። እኔ ግን የኔ ከሷ በልጦ እንዲያምር ነበር የተመኘሁት። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።