ድልድዩ የት ይሁን?

አንድ እሑድ ከመካኒሳ አቦ ቅዳሴ ወጥቼ የላፍቶ ታክሲ ስጠብቅ፣ ጎረቤቴን አቶ ኮርሳንና ልጃቸውን ሲናን ሲከራከሩ አገኘኋቸው። አቶ ኮርሳ ላፍቶ ገና እርሻ ሳለ እዚያው ተወልደው ያረጁ ናቸው፤ ሲና ደግሞ በቅርቡ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃለች።

«መምህር፣ እግዜር አመጣዎት» አሉኝ አቶ ኮርሳ። «ይችን ልጅ ይምከሩልኝ። ዛሬ በነዋሪዎች ስብሰባ ካልተናገርኩ ትላለች።»

ነገሩ በሰፈራችን ወንዝ ላይ ሊሠራ የታቀደ የእግረኛ ድልድይ ነው። ድልድዩ የታሰበው ከአዲሶቹ ፎቆች አጠገብ ነው። ተማሪዎች ወንዙን የሚሻገሩት ግን ከታች ነው፤ ባለፈው ክረምት አንዲት ልጅ ጎርፍ ወስዷት ለጥቂት ተርፋለች።

«መናገሩ ምን ክፋት አለው?» አልኳቸው።

«ወንድሜም እንዲህ ይል ነበር። በደርግ ጊዜ ስብሰባ ላይ ተናገረ፤ ወሰዱት፤ መቃብሩን እንኳ አናውቅም። ልጆቼን ዝም በሉ እያልኩ አሳደግኩ። ተሳሳትኩ?»

ግራ ገባኝ። ክፍል ውስጥ ስለ ዜግነት ሳስተምር ቃል አያጥረኝም፤ እኚህን ሰው ግን «አይፍሩ» ለማለት ምን ዋስትና አለኝ?

«አባባ፣ እኔም እፈራለሁ» አለች ሲና። «ግን ዝም ካልን፣ ወንዙን የማያውቅ ሰው ይወስንልናል።»

«ትልልቆቹ ይናገሩ።»

«ትልልቆቹማ እርስዎ ነዎት። እርስዎም ዝም አሉ።»

ታክሲው መጣና ተያይዘን ወደ ስብሰባው ሄድን።

በስብሰባው ሲና ተነሥታ የሚያሰጋውን ቦታ አስረዳች። ሰብሳቢው ጥናቱ አልቋል አሉ። ከኋላ አንድ ሰው «ይቺን ደግሞ ማን ልኳት ነው?» ሲል ተሰማ።

አቶ ኮርሳ ቀስ ብለው ተነሡ።

«እኔ ነኝ የላክኋት» አሉ።

ቀጥሎ አንዲት እናት ተነሣች፤ ከዚያ ሌሎችም። በሳምንቱ መሐንዲሶች መጥተው ወንዙን አዩ፤ ድልድዩም ተማሪዎቹ በሚሻገሩበት ተሠራ። ወጣት በሰፈሩ ጉዳይ ሲገባ ጥቅሙ ይኸው ነው፦ ችግሩ ሕይወት ከማጥፋቱ በፊት ይሰማል፣ ዝም ያለው ሽማግሌም አፉን ይፈታል።

በኋላ አቶ ኮርሳን ምን እንደሚያስቡ ጠየቅኋቸው።

«ፍርሃቱ አሁንም አለ፤ ግራ መጋባቱም አልለቀቀኝም» አሉኝ። «ግን ሲና ለነዋሪዎች ኮሚቴ ልወዳደር ስትለኝ፣ ከአፌ የወጣው "ዝም በይ" ሳይሆን "በዕጩነት ማን ይጠቁምሽ?" የሚል ሆነ።»