የአንገት ቁልፍ

ቁልፍ ሠሪው ጋሽ መክፈቻ በዚያ ጠዋት ከቤት የወጡት ዳቦ ሊገዙ ነበር። የግቢያቸውን በር ከፈት ሲያደርጉ ከሴት ልጃቸው ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ብቻዋን አልነበረችም። በቀኝ እጇ አንድ፣ በግራ እጇ ሌላ ሕፃን ይዛለች፤ ሦስተኛዋ፣ የጎረቤታቸው የነርሷ ልጅ ሚጡ፣ ቀሚሷን ጨብጣ ከኋላ ትጎተታለች። ሁሉም ቦርሳ አዝለዋል፤ በሁሉም አንገት ላይ በቀይ ክር የተንጠለጠለ ቁልፍ አለ። ቁልፎቹን የቀረጹት ራሳቸው ጋሽ መክፈቻ ናቸው።

«እነዚህን ወዴት ነው?» አሉ።

«እንደምን አደሩ አባባ። ወላጆቻቸው በጠዋት ሥራ ይገባሉ፤ የትምህርት ቤቱ በር ግን ገና ነው። ከዛሬ ጀምሮ በሩ እስኪከፈት እኛ ጋ ይቆያሉ። ከሰዓትም ከትምህርት ሲወጡ እናቶቻቸው እስኪመጡ እኔ እይዛቸዋለሁ።»

«እኛ ጋ የት?»

«ሳሎን።»

ጋሽ መክፈቻ ዳቦውን ረሱት። ሳሎኑ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ተቆልፎ የሚኖር ክፍል ነው። ሶፋው አንሶላ ለብሷል፤ ምንጣፉ ተጠቅልሎ ጥግ ይዟል፤ ብርጭቆዎቹ ከመስታወት ቁም ሣጥኑ ወጥተው አያውቁም። ሁሉም ለእንግዳ ተብሎ ነው። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ጋሽ መክፈቻ ደጅ ያለው አግዳሚ ላይ ያስቀምጡታል፤ ሳሎኑ እንዳይቆሽሽባቸው። እንዲህ ያለ ክፍል ያላቸው እሳቸው ብቻ አይደሉም፤ ከመንደሩ ቤቶች ብዙዎቹ ባለቤቶቻቸው የማይቀመጡበት ክፍል አላቸው።

«አስተምሬ አስመርቄሽ፣ የሰው ልጅ ንፍጥ ልትጠርጊ?»

«መዋዕለ ሕፃናቱ ሳይዘጋ፣ አስተማሪ ሳለሁስ ምን የምጠርግ መስሎዎት ነበር? ያኔ ለሰው ሁሉ ያወሩልኝ ነበር። ንፍጡ ያው ንፍጥ ነው አባባ፤ የተለወጠው ክፍሉ ነው።»

«ደግሞ ልታስከፍያቸው ይሆናል! የጎረቤት ልጅ አይቶ ገንዘብ መቀበል ከየት የመጣ ነው?»

«በነጻ ካደረግሁት ሲሰለቸኝ እተወዋለሁ፤ ማንም አይጠይቀኝም። ከተከፈለኝ ግን ብታመም እንኳ ተተኪ ማቆም አለብኝ። እናቲቱም ውለታ ሳይከብዳት፣ ልጄን ለምን ቀን አላስተኛሽልኝም ብላ ልትቆጣኝ ትችላለች። መቆጣት የምትችልበት ቦታ ነው የሚያስፈልጋት።»

«ችግር የለባቸውም እኮ! ቁልፍ ቀርጬላቸዋለሁ። ገብተው ይቆልፋሉ፣ አበቃ።»

«ቁልፉ በር ይከፍትላቸዋል። ከገቡ በኋላ ማን አለ?»

የጋሽ መክፈቻ ድምፅ ጎላ። «በእናትሽ ሶፋ ላይ ማንም አይዘልም!» አሉና የሳሎኑን ቁልፍ ኪሳቸው ከትተው ወደ ሱቃቸው ሄዱ።

«እሺ» አለች ልጅቱ ከኋላቸው፤ ፊቷ ቀልቷል። «ሕፃናት ከበር መልሰው ሲያበቁ ግን እንግዳ አክባሪ ነኝ እንዳይሉኝ።»

ልጆቹን ይዛ የትምህርት ቤቱ አጥር ሥር፣ ብርዱ ላይ፣ በሩ እስኪከፈት አብራቸው ቆመች። ከሰዓት በኋላም የሚገቡበት ስላልነበረ እያንዳንዳቸው ቁልፋቸውን ይዘው ወደየቤታቸው ሄዱ።

ጋሽ መክፈቻ ሱቃቸው ተቀምጠው ቁልፍ በሞረድ ሲስሉ ከነርሷ ቤት መስኮት ጭስ ሲወጣ አዩ። የመሣሪያ ሣጥናቸውን አንሥተው ሮጡ። በሩ ብረት ነው፤ መስኮቱ በብረት ፍርግርግ ታጥሯል። መቆለፊያውን የገጠሙት እሳቸው ናቸው። «ቁልፉ ከውስጥ ከተሰካበት ሌባ ይቅርና እኔም አልከፍተውም» ብለው ለነርሷ ፎክረውላት ነበር። ቁልፉ ከውስጥ ተሰክቷል።

«ሚጡ! ክፈቺ!»

«ማነው?» እያሳላት ነው።

«እኔ ነኝ፣ ጋሽ መክፈቻ።»

«እማዬ ለማንም እንዳትከፍቺ ብላኛለች።»

«እኔ ማንም ነኝ እንዴ?»

ሚጡ ጥቂት አሰበችና «አዎ» አለች።

ጋሽ መክፈቻ ለመኑ፣ ተቆጡ፣ በመዶሻ ደበደቡ። በደበደቡ ቁጥር የልጅቱ ሳል ከበሩ እየራቀ ሄደ። ይሄኔ ልጃቸው እየሮጠች ደረሰች፤ መዶሻውን ከእጃቸው ነጥቃ ወረወረችና በሩ ሥር ቁጢጥ አለች። ክፈቺ አላለችም። ባለፈው ዓመት ሚጡን ስታስተምር በነበራት ድምፅ፣ ረጋ ብላ፣ «ደወል ተደውሏል» አለች። «ቦርሳ ትከሻ ላይ። ሰልፍ በር ላይ።»

ወንበር ሲጎተት ተሰማ። ቁልፉ ዞረ። ሚጡ ቦርሳዋን አዝላ፣ ፊት ለፊቷ ሌላ ልጅ የቆመ ይመስል እጇን ዘርግታ ወጣች። አስተማሪዋ ገብታ ምድጃውን አጠፋች፤ የከሰለ ፎጣና የጠቆረ ድስት ይዛ ተመለሰች። ሚጡ ምሳዋን ልታሞቅ ነበር።

ነርሷ ስትደርስ ጋሽ መክፈቻ አፋቸውን ከፍተው ጠበቋት። «ልጅ ጥላ የምትሄድ እናት...»

«አባባ፣ ዝም ይበሉ!» አለች ልጃቸው። «ሳንባዎን ታመው ሲተኙ አጠገብዎ ያለችው ማን ነበረች? መርፌ የወጋችዎት፣ ያገላበጠችዎት? ያን ጊዜ ሚጡ የት ናት ብለው ጠይቀዋል?»

ጋሽ መክፈቻ አልጠየቁም ነበር። ነርሷ ልጇን አቅፋ መሬት ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ እያዩ እንደ ቆሙ ቀሩ። ከዚያ ሣጥናቸውን አነሡ፣ ወደ ቤታቸው ገቡ፣ የሳሎኑን በር መቆለፊያ በብሎን መፍቻ ፈተው ነቀሉት። አንሶላውን ከሶፋው ላይ ገፈፉ፤ አቧራው አስነጠሳቸው።

«ቁም ሣጥኑን እኔ ክፍል አስገቢው» አሉ ልጃቸውን፣ ቁጣቸው ገና ሳይበርድ። «ብርጭቆ ልጅ ይቆርጣል። ይህን ሁሉ ዘመን የጠበቅሁት ለእንግዳ ነበር። እንግዳው በሬ ላይ ቦርሳ አዝሎ ሲቆም አባረርኩት።»

ልጃቸው ክፍሉን በያዘችው ዕቅድ አደራጀችው። ምድጃና መድኃኒት ልጅ የማይደርስበት ገቡ። ማንኛዋንም ልጅ እናቷ ስሙን ጠቅሳ ላልላከችው ሰው አትሰጥም፤ አጎት ነኝ ቢልም። ልጆቹ ሲገቡ እጃቸውን ይታጠባሉ፣ ይበላሉ፣ የቤት ሥራቸውን ይሠራሉ፣ ቀጥሎ እንዳሻቸው ይጮኻሉ። በትምህርት ሰዓት ታንቀላፋ የነበረችው ሚጡ ማንቀላፋቷን ተወች። ነርሷ ልቧ ቤት ሳይቀር በሽተኞቿን ማየት ቻለች። ለአስተማሪዋም በእጇ ያለው ሙያ እንጀራዋ ሆነ። ይህ ሁሉ የተገኘው ባዶ ተቆልፎ ከነበረ አንድ ክፍል ነው፤ በየቤታችንም እንዲህ ያለው ክፍል አልታጣም።

አንድ ቀን የመንደሩ ልብስ ሰፊ ወደ ሱቁ ብቅ አለ። «ጋሼ፣ ልጄ ትምህርት ልትጀምር ነው። ትንሽዬ ቁልፍ ይቅረጹልኝ፤ ክር እኔ አላጣም።»

«አልቀርጽም።»

«ምነው? ለሁሉም ይቀርጹ አልነበር?»

«እቀርጽ ነበር!» ሞረዱን ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት። «በነጻ፤ ያውም እየተኩራራሁ! ሕፃን አንገት ላይ ብረት አንጠልጥዬ ባዶ ቤት ስከት ኖርኩ፤ አንድ ሰው ተው አላለኝም። አንተም ልትጨምርብኝ መጣህ።»

ልብስ ሰፊው ግራ ተጋብቶ ዞር ዞር አለ። ጋሽ መክፈቻ ክንዱን ይዘው ከሱቁ አወጡትና ወደ ግቢያቸው ወስደው፣ በመቆለፊያው ቦታ ቀዳዳ ብቻ የቀረበትን የሳሎኑን በር አሳዩት።

«እዚያ ሂድና አንኳኳ» አሉት። «ሰው አለ።»