ማሽኑ እንዲሰበር የተደረገ ዱዓ

ከከሚሴ ወደ ጨፋ ሮቢት በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከኋላዬ አንዲት እናት አጠገባቸው የተቀመጠውን የራጅ ባለሙያ ሲያዋሩት ሰማሁ።

«ልጄም ውጭ አገር የራጅ ትምህርት ላይ ናት። ግን እንደናንተ አጥንት አያነሱም።»

«ታዲያ ምን ያነሳሉ?»

«በዓይን የማይታይ ነገር። ኤሌክትሮን የሚሉትን በረጅም ቱቦ ያስሮጡትና በማግኔት ግራ ቀኝ ሲያንገላቱት ብልጭ ይላል አለች። ከጥቅሻ ያጠረ ነው።»

«አዎ፣ ብርቱ ብርሃን ነው።»

«ፎቶ የተነሳው ነገር ወዲያው ይቃጠላል ስትለኝ እንቅልፍ አጣሁ።»

«አብሽሩ እናቴ! የሚቃጠለው እፊቱ ያስቀመጡት ቅንጣት ነው። እሷ ከወፍራም ግንብ ወዲያ ናት።»

«ወላሂ በል!»

«ወላሂ።»

«ያ ረቢ! እኔ እኮ ማሽኑ እንዲሰበር ሮቢት ያሉትን ዱበርቲዎች፣ ዱዓቸው የሚሰምርላቸውን እናቶች፣ ዱዓ አስደረግኋቸው።»

«እና?»

«ትናንት ደወለች። ማሽኑ ቆሟል፤ መመረቄ ቀረ ብላ ታለቅሳለች።»

«ማሽን እኮ በራሱም ይበላሻል።»

«እኔ የለመንሁትን አውቃለሁ። ታልቅስ፣ ከምትቃጠል ይሻላል ብዬ ነበር። ይኸው ዱዓችሁ ሰመረ ብዬ ላመሰግናቸው ስኳር ይዣለሁ።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ምን ብዬ ፊታቸው ልቁም?»

ሮቢት ላይ ስኳሩን አቅፈው ወርደው የሚኒባሱ በር እስኪዘጋ ድረስ፣ ማሽኑ ይጠገን ብዬ ሁለት መዳፎቼን ጉልበቴ ላይ ለዱዓ ዘርግቼ ነበር።