ለዱባይ የተላከ ምስጢር

ጎጃም በረንዳ ብርድ ልብስ የምሸጥበት ሱቅ ባለቤት ጋሼ ደምሴ፣ ውጭ አገር ሲደውሉ ድምፃቸውን የሚመጥኑት በአገሩ ርቀት ነው። ናይሮቢ ከሆነ ይጮኻሉ፤ ዱባይ ከሆነ ተነሥተው ይጮኻሉ። ባለፈው ሳምንት ዱባይ ያለው ወኪላቸው አዲስ ዓይነት ብርድ ልብስ አገኘና፣ ጋሼ ማንም ሳይቀድማቸው ሊያዝዙት ፈለጉ። በተለይ ግድግዳ የሚጋሩን ነጋዴ፣ እትዬ ዘይነባ፣ እንዳይሰሙ።

«ጋሼ፣ ለምን በጽሑፍ አንልክለትም?» አልኳቸው።

«ጎበዝ! ድምፅ የለው፣ ምን የለው!»

በእኔ ስልክ ጻፍኩ። ቀለሙንና መጠኑን ደጋግሜ አመሳከርኩ፤ መጨረሻው ላይ «ለማንም እንዳትናገር» ብዬ ላክሁ። ጋሼ ወዲያው የራሳቸውን ስልክ ይዘው ተነሡ።

«ሃሎ! መልእክቱ ደረሰህ? አልከፈትከውም? ባለሁለት ፊቱን፣ ቡኒና ክሬሙን ላክ ነው የሚለው! አዎ፣ ለማንም እንዳትናገርም ይላል!»

ከግድግዳው ማዶ እትዬ ዘይነባ፣ «ጋሼ ደምሴ፣ ስልኩን ሳይዘጉ ለእኔም ከዚያው ይዘዙልኝ!» አሉ።

ጋሼ ዞረው አፈጠጡብኝ።

«ማን ነገራት? ከእኔና ካንተ ሌላ የሚያውቅ የለም።»

እኔም ራሴን ስለማላምን፣ መልእክቱን ተሳስቼ ለእትዬ ዘይነባም ልኬው እንዳይሆን ብዬ ስልኬን ከፍቼ አየሁ።