ሩዝ የምታህል ቅባት፣ የቀረው ሞያ

በእኛ ጊዜ፣ የሰፈር ልጆቼ፣ ሙዚቃ የሚሠራው በትንፋሽ ነበር። እንደ ዛሬው ስልክ ነካ አድርጎ ዘፈን ማፍሰስ የለም። እኔ ፈንታሁን፣ እናንተ ሰሊጥ ሳጭድ እንጂ በሰልፍ ስነፋ ያላያችሁኝ፣ ወጣት ሆኜ የጦር ማርሽ ባንድ ውስጥ ትሮምቦን ነፊ ነበርኩ። ምን ያስቃችኋል? ነበርኩ! ይቺ ጥሩወርቅ፣ ባለቤቴ፣ እዚያ ተቀምጣ ትሰማለች፣ ብዋሽ ታርመኛለች።

«አርምሃለሁ፣ ቀጥል ብቻ።»

ሰማችሁ? ታዲያ ትሮምቦን ማለት፣ መለከት አይታችኋል አይደል፣ እንደ መለከት ናት፣ ግን የሚጫኑት ቁልፍ የላትም። ሁለት ረጃጅም ቱቦ አላት፣ የላዩ የታቹን ሸፍኖታል፣ የላዩን በክንድህ ወደ ፊት ትሰደዋለህ፣ ወደ ኋላ ትስበዋለህ፣ ድምፁ የሚወፍረውም የሚቀጥነውም በዚያ ነው። ያንን ተሳቢውን እኛ ሙዚቀኞቹ እጅጌ ነበር የምንለው። እና እጅጌው ካልተንሸራተተ ትሮምቦን የለህም፣ ጌታዬ፣ የነሐስ ቧንቧ ነው የያዝከው!

ታዲያ አለቃችን ሻምበል ባሻ ደርሶ የሚባሉ ነበሩ። የዚሁ የመተማ ልጅ ናቸው፣ ከድንበሩ ማዶ ሱዳን፣ ገላባት ገበያ ሲመላለሱ ያደጉ፣ አማርኛና ዓረብኛው አፋቸው ውስጥ ተጋብቶ የሚኖር። እጅጌ የሚቀቡት እሳቸው ብቻ ናቸው። ዕቃ ቤት ይገባሉ፣ በሩን ይዘጋሉ፣ ከአንዲት የጫማ ቀለም ቆርቆሮ ውስጥ አንድ ነጭ ነገር ያወጣሉ፣ እኛ በር ላይ ሆነን ሽታው ብቻ ይደርሰናል። የአበባ ሽታ! «ባሻ፣ ምንድን ነው የሚቀቡት?» ስንላቸው፣ «እናንተ ንፉ! መቀባቱ የእኔ ነው! ኸላስ!» በቃ፣ አለቀ ማለታቸው ነው። አንድ ቀን ግን ምን እንደታያቸው እንጃ፣ ትከሻዬን ያዙና፣ «ስማ ፈንታሁን፣ ምስጢሩን ልንገርህ፤ ሩዝ የምታህል ቅባት፣ የቀረው ሞያ ነው» አሉኝ። ሩዝ የምታህል ቅባት፣ የቀረው ሞያ! ቃሉን አደራ ብዬ ያዝኩት። እኔ የደብረ ታቦር ልጅ ነኝ፣ ያኔ ዓረብኛ የት አውቄ? ሞያ ሲሉኝ ሞያ ነዋ! ጥበብ፣ እጅ መፍታት፣ እንደዚያ ብዬ ያዝኩት።

ከዚያ ባንዱ ተበተነ። አሮጌዋን ትሮምቦን፣ አገልግሎቷ አብቅቷል ተብላ የተሰረዘችውን፣ በወረቀት ፈርመው ሰጡኝ። እሷን በማዳበሪያ ጠቅልዬ ለሰሊጥ አጨዳ ወደዚህ ቆላ ወረድኩ፣ እና ወርጄ ቀረሁ። ጥሩወርቅን አገባሁ፣ ማስተዋልን ወለድን። አንዲት ልጅ ናት፣ ሌላ የለንም።

ታዲያ እጅጌው በዚህ ሙቀት ደረቀ። ምን ላድርግ? ቅባት አይደል የተባለው? ከሰሊጥ የበለጠ ቅባት ያለው ማን አለ? የሰሊጥ ዘይት ቀባኋት። የመጀመሪያው ቀን እንደ ጉድ ሄደች! ጥሩወርቅን ጠርቼ፣ «ይኸው ሞያ!» አልኳት። በሳምንቱ አቧራውን ሰበሰበች። በወሩ፣ ልጆቼ፣ ሙጫ ሆነች። ጨመርኩባት፤ ባሰባት። ጭራሽ ያዘች፣ አልንቀሳቀስም አለች።

እኔም በያዘችበት በከንፈር ብቻ እነፋት ጀመር፣ ቧ! ቧ! ከሁለት ሦስት ድምፅ በላይ አይወጣትም። ለምን ጠቀመችን? አጨዳ ላይ ምሳ ሲደርስ ሠራተኛ መጥሪያ! ከወሎም ከጎጃምም የመጣው ሁሉ ቧ ስትል ማጭዱን ጥሎ ነበር የሚሮጠው። ማስተዋል ያኔ ትንሽ ናት፣ ቧንቧዋን እየደባበሰች፣ «አባዬ፣ ይቺ ዕቃ እጇ አይዘረጋም?» ትለኛለች። «ይዘረጋል ልጄ።» «መቼ?» ምን ልበላት? አመለጠኛ! «ለሠርግሽ እዘረጋልሻለሁ» አልኳት።

እና ልጅ መርሳት ያውቃል? አያውቅም! ባደገች ቁጥር፣ ፈተና ስታልፍም፣ ስንጣላም፣ «ለሠርጌ ነው አይደል? ትሮምቦኗ እጇን ካልዘረጋች ከቤት አልወጣም፣ ነግሬሃለሁ» ትላለች። የዛሬ ሁለት ዓመት ጥር ላይ ከሽንፋ ሽማግሌ መጥቶ፣ ነገሩ አልቆ፣ ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ በር ላይ ቆማ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ «አባዬ፣ ቃልህ?» አለችኝ። ሳቅ ብላ ነው፣ ግን ዓይኗ አይስቅም። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ የጠበቀችኝ ልጅ እኮ ናት! ለአንዲት ልጄ አንዲት ቃል ነው የሰጠሁ፣ እና እሷንም ልበላ?

ታዲያ ወደ ጎረቤቴ ሮጥኩ፣ ወደ አስማማው፣ ትራክተር ነጂው። እሱ ደግሞ የማይፈታው ብሎን የለም ነው የሚለው። አያትና፣ «ጋሽ ፈንታ፣ ይቺማ ቀላል ናት!» አለኝ። ናፍጣ ውስጥ ዘፈቅናት፣ ከጠዋት እስከ ቀትር። እውነቱን ለመናገር ናፍጣው ሠራ፣ የሰሊጡ ሙጫ ሟሟና እጅጌው ብቅ አለ። እልል ልል ነው! «ቆይ፣ ቆይ» አለ አስማማው፣ «ማሽን ማሽን ነው ጋሼ፣ ግሪስ ካላጠጡት ይነክሳል።» ግሪስ መርጫውን አመጣና ያንን ጥቁሩን ግሪስ ጢም አድርጎ አጠጣልኝ። በዚህም በዚያም ሞልቶ ይፈሳል። «በሉ አሁን ይሳቡት!» ሳብኩት። አይ መሳብ! ክረምት ዋልካ ጭቃ ውስጥ የገባ ትራክተር ታውቃላችሁ? እሱ ነው! ብነፋባት አንድ ትልቅ እምቧ ብላ ግሪሱን ሸሚዜ ላይ ተፋችው።

«ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል አልኩህ እኮ።»

አላልሽም፣ ጥሩዬ፣ ያኔ ያልሽው ሌላ ነው። «የልጄን ሠርግ ጋራዥ አደረግኸው!» ነው ያልሽው። እና እውነቷን ነው፣ ግቢው ሁሉ ናፍጣ ናፍጣ ይላል፣ ዳስ ጣዮቹ አፍንጫቸውን ይዘዋል። በማግስቱ ቀኑን ሙሉ በሙቅ ውሃና በልብስ ሳሙና፣ ዘንግ ላይ ጨርቅ ጠምጥሜ ውስጡን ስፈገፍግ ዋልኩ። ነሐሱ ነጣ፣ አበራ። ግን ደረቅ ናት፣ ስትሳብ ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ አላት፣ ቂ-ቂ-ቂ።

የሠርጉ ዋዜማ ደረሰ። ጠዋት ልጄን ደህና አደርሽ ልል ክፍሏ ብቅ ስል፣ ሴቱ ሞልቷል፣ ዘይነብ የምትባል ሂና ቀቢ፣ ያው ወዲያ ማዶ ጦርነት ሲነሣ ተሻግራ ከሰፈራችን የተቀመጠች ሱዳናዊት፣ የማስተዋልን እግር ይዛ አበባ ትስልላታለች። እና አንድ ሽታ መጣብኝ። ቆምኩ። ባሻ ደርሶ! የዕቃ ቤቱ በር! ያ የአበባ ሽታ ራሱ!

«ማስቴ፣ ይሄ የሚሸተው ምንድን ነው?»

«የፊት ክሬም ነው አባዬ፣ ለነገ ነው። አንድ ብልቃጥ ብቻ ነው የተገኘው፣ እንዳትነካብኝ።»

ልጆቼ፣ የፊት ክሬም! ያ ሁሉ ቁጣ፣ ያ ሁሉ በር መዝጋት፣ ለካ የሴት የፊት ክሬም ነው! ያ ጢማሙ ሻምበል ባሻ ከየትኛው ሱቅ በምን አፉ ይጠይቅ ነበር? ሳቄ መጣ። አገኘሁት! ታዲያ ሴቶቹ ምሳ ሊበሉ ወደ ዳሱ ሲወጡ እኔ ሽማግሌው፣ የሙሽራ አባት፣ በጣቴ ጫፍ እየሄድኩ ብልቃጧን አነሣሁ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ሰረቅኩ!

ጓሮ ሄድኩና ሩዝ የምታህል ቀባሁ። ትሻላለች፣ ግን ትጎትታለች። ነገሩ ምን ነበር? የቀረው ሞያ ነው! እንግዲህ ሞያ አንሶኝ ነው ብዬ አጎንብሼ፣ በአውራ ጣት አሸሁ፣ በመዳፍ አሸሁ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ዙሪያውን። እምቢ! ጨመርኩ። እምቢ! ሌላ ሩዝ፣ ሌላ ባቄላ፣ ሌላ የዋንዛ ፍሬ የሚያህል። ብልቃጧ ተጋመሰች፣ እጅጌው ጭቃ ሆነ። ያኔ ነው ከቤት ውስጥ ጩኸት የተሰማው።

«ክሬሜ! ክሬሜን ማን ወሰደው?»

ግር ብለው ወጡ። ማስተዋል ከፊት፣ ሂናው እንዳይበላሽ በተረከዟ እየረገጠች፤ ዘይነብ ከኋላ፤ ጥሩወርቅ ማማሰያ ይዛ። እኔ እስከ ክርኔ ነጭ ሆኜ ቁጭ ብያለሁ። ልጄ ብልቃጧን አየች፣ እኔን አየች። «አባዬ፣ ለፊቴ ነበር እኮ» አለች፣ እንባዋ ግጥም አለ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አፈርኩ፣ መሬት ብትውጠኝ እስክል አፈርኩ። እና እኔም፣ «ቃሌን ልጠብቅ ብዬ ነው ልጄ። ባሻ ሩዝ የምታህል ቅባት፣ የቀረው ሞያ ነው ብለውኝ ነበር። ሞያ አጣሁ። ምን ላድርግ፣ ሞያ የለኝም!» አልኳት።

ይሄኔ ዘይነብ ግራ ገብቷት አየችኝ። እሷ አማርኛውን የምትለቅመው በመሐል በመሐል ነው። «ያ ዓም ፈንታ» አለችኝ፣ ያ ዓም ማለት አጎቴ ማለት ነው፣ «ሞያ የለም? እንዴት የለም? ሞያ በርሜል ሙሉ አለ!» ብላ ጣቷን ወደ ውሃው በርሜል ቀሰረች።

እኔ በርሜሉን አየሁ። ዘይነብን አየሁ። በርሜሉን አየሁ።

ሞያ! በዓረብኛ ውሃ! እኔ እኮ አውቀዋለሁ! ሠላሳ ዓመት እዚህ ድንበር ላይ ስኖር «ሞያ» ያለኝን ሱዳናዊ ሁሉ ውሃ ሳጠጣ የኖርኩ ሰው ነኝ! የባሻ ቃል ግን ከደጋ በአማርኛ ይዤው የመጣሁት ስለሆነ፣ አንድም ቀን በዓረብኛ ላስበው አልመጣልኝም። ሩዝ የምታህል ቅባት፣ የቀረው ውሃ ነው! ውሃ! «ባሻ ደርሶ! አንቱ ሰውዬ!» ብዬ ጮህኩ፣ ጥሩወርቅ ያበድኩ መስሏት ማማሰያውን ጣለች።

ሁሉንም በጨርቅ ጠረግሁት። ሩዝ የምታህል ብቻ አስቀረሁ። ማስተዋል ራሷ፣ እንባዋን በክንዷ እየጠረገች፣ የፀጉር ውሃ መርጫዋን አምጥታ ፊስ፣ ፊስ፣ ፊስ አደረገችበት። ውሃው ክሬሙ ላይ እንክብል እንክብል ብሎ ተቀመጠ። «በል አባዬ።» በአንድ ጣት ገፋሁት። በአንድ ጣት ነው የምላችሁ! እጅጌው ሹልክ ብሎ ሄደ፣ ሄደ፣ ከእጄ አምልጦ ወጥቶ ኳ! ብሎ በርሜሉን መታው። ዘይነብ እልልታዋን ለቀቀችው፣ ያገራቸውን ረጅሙን እልልታ። አስማማው ከአጥር ማዶ፣ «ግሪሱ ነው! ግሪሱ ነው የሠራው!» ይላል። ተውት፣ ይበል።

«ፊቴስ?» አለች ማስተዋል በመጨረሻ። ዘይነብ የተጋመሰውን ብልቃጥ አንሥታ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ለሷም ሹወያ፣ የቀረው ሞያ!» ትንሽ ይበቃል፣ የቀረው ውሃ ነው ማለቷ ነው። እና በነጋታው ልጄ ስታበራ ያያችሁ አያችሁ።

ታዲያ በነጋታው ሙሽራው መጣ፣ የሽንፋ ሰው በአይሱዙ ተጭኖ መጣ፣ ተበላ፣ ተጠጣ፣ ተጨፈረ፣ መውጫዋ ደረሰ። በር ላይ ቆማ ተመለከተችኝ። አነሣሁና ነፋሁ። እጅጌውን ከላይ እስከ ታች ለቀቅኩት፣ ዋዋዋዋ—ውውውው! ሰው አበደ! «አባዬ፣ እጇ ተዘረጋ!» ብላ ጮኸች። እና፣ ልጆቼ፣ አንድ እርምጃ ወጣች። ደገምኩ፣ ሌላ እርምጃ ወጣች። ያኔ ነው የገባኝ። እጇን ካልዘረጋች አልወጣም ብላ አልነበረ? ሦስት ቀን ሙሉ ያለሰለስኩት ለካ የልጄን መሄጃ ነው። ምነው እጅጌው በያዘ፣ ምነው እዚያው ሰሊጡ ላይ ተጣብቃ በቀረች አልኩ። እጅጌው ግን አልያዘም። እንባዬ እየወረደ ነፋሁ፣ ሦስቴ፣ አራቴ ነፋሁ፣ «ጋሽ ፈንታ፣ ኧረ ይበቃል፣ መኪናው ሞተሩ ተነሥቷል!» እስኪሉኝ። የእኔ ልጅ በቃሌ ወጣች። ሌላው አባት በምን እንደሚሸኝ አላውቅም፣ እኔ ግን በቃሌ ነው የሸኘሁ፣ ከዚህ በላይ ምን አለኝ?

አሁን ልትጠይቀን ስትመጣ ሁልጊዜ አንድ ብልቃጥ ይዛ ነው። ክዳኑ ላይ በእስክሪብቶ «የአባዬ፣ ለፊት አይደለም» ብላ ትጽፍበታለች።

«እሱን እንኳ ባታወራው! የእኔ ፊት ሠላሳ ዓመት በዚህ ፀሐይ ሲነድ፣ አንድ ቀን ክሬም ይድረሳት ያለ ሰው የለም። ቧንቧው በልጄ እጅ ይቀባል!»

ነይ፣ ነይ ጥሩዬ፣ ፊትሽን አምጪ። ሩዝ የምታህል እሰጥሻለሁ።

«የቀረውስ?»

የቀረው ሞያ ነዋ! ያውና በርሜሉ!