ያለ እሳት የፈላው በርሜል

የድሬዳዋ ቀትር ከሰው ጋር አይስማማም። ስድስት ሰዓት ሲሆን የከዚራ መንገድ ጭር ይላል፣ ሱቁ ይዘጋል፣ ውሻ እንኳ አይጮህም። በ1972 ዓ.ም. ሰኔ ላይ፣ በዚያ ሰዓት፣ የቀለም ፋብሪካው አንጋፋ ሠራተኛ ጋሽ ሣህሉ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሳለ አዲሷ ኬሚስት ፋርቱን ብቻዋን ወደ ፋብሪካው ስታመራ አዩና ደነገጡ።

«ልጄ፣ በዚህ ሰዓት ወዴት?»

«እንደምን ዋሉ ጋሽ ሣህሉ። በርሜሉን ልመረምር ነው። ነገ አብሺርን ወደ ትልቁ እስር ቤት ይወስዱታል ተብሏል።»

የአብሺር ስም ሲነሳ ሽማግሌው ከተቀመጡበት ተነሡ። አብሺር የቀትር ዘበኛ ነው፤ አባቱ ከሞተ ወዲህ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ፋብሪካው ወተት የመሰለ ፈሳሽ ጠዋት በበርሜል ይበጠብጣል፤ ከሰዓት በኋላ እሳት ሲነድበት ለቀለም የሚሆን ሙጫ ይወጣዋል። ሦስት ቀትር ግን ማንም እሳት ሳይለኩስ በርሜሉ በራሱ ፈላ። ክዳኑ ተንቀጠቀጠ፣ ውስጡ ጎማ ሆኖ ተገኘ። የፋብሪካው ኮሚቴ «አሻጥር ነው» ብሎ ዘበኛውን ያዘ። በዚያ ዘመን ይህች ቃል ከወጣች ወዲያ ማን ደፍሮ ይጠይቃል?

«የቀትር ጂን ነው እንጂ ልጁ ምን አደረገ!» አሉ ጋሽ ሣህሉ። «በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ባዶ አዳራሽ ውስጥ እንደ በሽተኛ ያቃስታል።»

«ጂን የለም ብዬ አልከራከርዎትም፤ እናቴም ትፈራለች። ኮሚቴው ግን ጂን አስሮ አብሺርን አይፈታም። ለመሆኑ እንዳይመጣ ያደረጉት ነገር አለ?»

«ያላደረግሁት ምን አለ! ወተቱ ገና የመጣ ቀን ሽታው አላማረኝም። ጂን ብረት ይፈራል። የዛገ የሐዲድ ሚስማር ሎሚ ጨምቄበት፣ ማንም ሳያየኝ በርሜሉ ውስጥ ጣልኩ። መጀመሪያ አንድ፣ ሲብስበት ሁለት፣ በመጨረሻ ሦስት። ጎማው ሲጣል ሚስማሮቼን ፈልቅቄ መልሼ አወጣለሁ።»

ፋርቱን ቀጥ ብላ ቆመች። «በጨመሩ ቁጥር ፈጥኖ ፈላ?»

«ተናዶ ነዋ!»

«አቦ ጋሽ ሣህሉ! ጎማውን ስቆርጠው መሃሉ ቡናማ ነበር፤ ምን እንደሆነ ጠፍቶኝ ነው የሰነበትኩት። እስቲ ይከተሉኝ።»

ሽማግሌው ተከተሏት። አዳራሹ ጨለም ያለ ነው፤ የጣሪያው ቆርቆሮ በሙቀት ጧ ሲል ሽማግሌው ዘለሉ። ፋርቱን ከዕለቱ ወተት በሁለት ብርጭቆ ቀዳች። ባንዱ ላይ የዛገ የብረት ፍቅፋቂና ሎሚ ጨመረች፣ ሌላውን ተወችው፤ ሁለቱንም ከደነቻቸው።

«ወተቱ ውስጥ በእሳት ሙቀት የሚነቃ ዱቄት አለ» አለች። «ዝገት ብቻውን ሥር ላይ ይቀመጣል። ሎሚ ሲያገኝ ግን ብረቱ ይሟሟል፤ ሎሚው አቅፎ በውሃው ውስጥ ያዞረዋል። ያ ብረትና ሎሚ የተጣመሩበት ነገር ያለ እሳት ዱቄቱን ይሰነጥቀዋል። ያኔ ወተቱ ውስጥ የተበተነው ነገር እየተያያዘ ይረዝማል፤ ሲያያዝ ደግሞ ይሞቃል።»

ተቀመጡ። ጠበቁ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ብረት የገባበት ብርጭቆ ውስጥ ወተቱ ትንሽ ተንፈቀፈቀ። ሽማግሌው እጃቸውን ሰደው ዳሰሱት። ሞቋል! እሳት ያልነካው ብርጭቆ እንደ ሰው ገላ ይሞቃል። አማተቡ።

«ገብቶበታል» አሉ በሹክሹክታ።

«ታዲያ ሁለተኛውን ለምን ተወው? እስቲ እርስዎ በእጅዎ ይጨምሩበት።»

ሎሚውን ጨመቁ፣ ፍቅፋቂውን ነሰነሱ። ሁለተኛውም ቆይቶ አቃሰተ፣ ሞቀ፣ ረጋ። ጋሽ ሣህሉ ላብ አጠመቃቸው። ሦስት ቀትር ሙሉ ሲያባርሩት የነበረውን ነገር በገዛ እጃቸው ጠርተውታል።

«ልጄን እኔ ነኝ ያሳሰርኩት» አሉና ፊታቸውን ሸፈኑ።

«እርስዎ ሊጠብቁት ነበር። አሁን ግን ይህን ለኮሚቴው መናገር አለብዎት።»

«አሻጥረኛ ብለው ቢይዙኝስ?»

«ያስፈራል፣ እኔም እፈራለሁ። አልዋሽዎትም። ነገር ግን ዝም ካልን የሚሄደው አብሺር ነው።»

ሽማግሌው ሚስማሮቹን ከኪሳቸው አውጥተው ተነሡ።

የኮሚቴው ሊቀመንበር ፊቱን አኮሳትሮ ሰማቸው። ፋርቱን አዲስ ወተት ቀድታ፣ ዝገትና ሎሚ ጨምራ ብርጭቆውን በእጁ አስያዘችው። ሲሞቅበት ወንበሩን ገፍቶ ተነሣ፤ ብርጭቆውን ግን አልለቀቀም። ጋሽ ሣህሉን የሁለት ወር ደመወዝ ቀጣቸው፣ አብሺርን በማግስቱ ለቀቀው።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ፋብሪካ በእሳት ፋንታ ብረቱ በሚዛን ተመዝኖ፣ የሎሚው ኮምጣጣ ተለክቶ ነው የሚገባው። ለእሳቱ የሚነደው ናፍጣ ሲጠፋ ሥራ ይቆም የነበረው ቀርቷል፤ ወተቱም ጎማ ሆኖ አይጣልም፣ የማንም እጅ በእንፋሎት አይቃጠልም። የሚመዝኑት ጋሽ ሣህሉ ናቸው፤ ቀትርም ቢሆን አዳራሹ ይገባሉ። ሰው የሚፈራውን ነገር መርምሮ ቢያውቀው እንዲህ ያገለግለዋል።

አብሺር የተፈታ ዕለት በር ላይ ሆነው ተቀበሉት። ከስቷል፤ ድምፁ ሰልሏል።

«ጋሽ ሣህሉ፣ እዚያ ሁሌ እጠይቅ ነበር። ጂኑ ማን ኖሯል?»

«እኔ ነበርኩ ልጄ።»

አብሺር አያቸው። ከዚያ ክንዳቸውን ይዞ ወደ ቤት መራቸው።