ናቹራል ወይስ ሶሻል፦ የሐረገ ወይን ምርጫ

ንፋስ መውጫ ልትገቡ ትንሽ ሲቀራችሁ የሚኒባሱ ጎማ ቢተነፍስባችሁ አትናደዱ። እኛ ባለፈው መስከረም ተንፍሶብን ነው ይሄን የምጽፈው።

ሹፌሩ ጎማ ሊቀይር ሲንበረከክ ተሳፋሪው ወርዶ ድንጋይ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። አብሮኝ የነበረው ጓደኛዬ ወንድማገኝ ነው፤ ንፋስ መውጫ ባዮሎጂ ያስተምራል። ከጎናችን ቤተ ልሔም ደብር ድጓ የሚያስተምሩት የኔታ አበጀ ከወንድማቸው ልጅ ከሐረገ ወይን ጋር ተቀመጡ። ልጅቱን ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ወንድማገኝ እጅ ነስቶ ወዴት እንደሆነ ሲጠይቃቸው፣ ሐረግ አሥረኛን ጨርሳለች፣ የአሥራ አንደኛ ምዝገባ ዛሬ ያልቃል፣ ሶሻል ላስመዘግባት ነው አሉት።

ለምን ሶሻል? ሐረግ ከተማ ውስጥ ከመዓዛና ከፋሲካ ጋር አንድ ቤት ተከራይታ ነው የምትማር። የእኛን አገር ልማድ ታውቁታላችሁ፤ ከገጠር የሚመጡ ልጆች ስንቃቸውን ይቀላቅላሉ፣ አብረው ያበስላሉ፣ አብረው ይሄዳሉ። ሁለቱ ልጆች ሶሻል ሊገቡ ነው። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ናቹራልን ጠዋት፣ ሶሻልን ከሰዓት ነው የሚያስተምር። እሷ ናቹራል ከገባች ብቻዋን ሄዳ ብቻዋን ልትመለስ ነው። የኔታ ይሄን ነው የፈሩት። እውነት ለመናገር እኔም ብሆን እፈራለሁ።

«ደግሞ ሁሉም አሥራ ሁለት ነው» አሉ። «አሥራ ሁለትን ትጨርስ፣ የሚሆነውን ያኔ እናያለን።»

«የኔታ፣ ያኔማ በሩ ተዘግቶ ነው የሚቆይዎት» አለ ወንድማገኝ። የናቹራልና የሶሻል ፈተና የተለያየ እንደሆነ፣ ሶሻል የገባች ልጅ ነርስ ልሁን፣ መሐንዲስ ልሁን ብትል እንደማይሆንላት በዝግታ አስረዳቸው።

«አንተ ባዮሎጂ ነህ። ወደ ራስህ ደብር እየጎተትክ ነው» አሉት። ተሳፋሪው ሳቀ። ወንድማገኝም ሳቀ፤ ግን አልለቀቃቸውም። ሕግ መማር ብትፈልግ ኖሮ ራሱ ሶሻል አስገቧት እንደሚላቸው ማለላቸው። ከዚያ እሷስ ምን ትላለች ብሎ ጠየቀ።

«እኔ ቤት ተማሪ አይመርጥም። ድምፁን ሰምቼ፣ ጠባዩን አይቼ፣ ይሄን ያዝ እለዋለሁ።»

«መልካም። ታዲያ ሶሻል ያሏት እሷን አይተው ነው ወይስ ጓደኞቿን አይተው?»

ወንድማገኝ ጨመረ፦ «አንድ ተማሪ ድጓ ጨርሻለሁ፣ ላስመስክር ብሎ ቢመጣ፣ ሲጠይቁት ግን ጓደኛዬ ቅኔ ቤት ስለገባ እኔም ቅኔ ስማር ከረምኩ ቢልዎት፣ ይመሰክሩለታል?»

«እመልሰዋለሁ እንጂ!»

«ሐረግንም ከሁለት ዓመት በኋላ ዩኒቨርሲቲው እንደዚያ ነው የሚመልሳት።»

ሽማግሌው ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ልጅቱ ዞሩ። ምን መሆን ነው የምትፈልጊ አሏት።

«አዋላጅ ነርስ» አለች፣ መሬት መሬቱን እያየች። «ጎረቤታችን እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ ምጥ ጸንቶባት በቃሬዛ የተወሰደች ቀን ነው ያሰብኩት።»

ያን ቀን ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ የኔታ ናቸው። ልጁ አልተረፈም።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቁኝማ፣ የኔታ።»

እዚህ ላይ አለቀ ብዬ ነበር፤ አላለቀም። የኔታ ቀላል ሰው አይደሉም። ብትወድቅስ አሉ። ወንድማገኝ ትወድቃለች ብሎ አላስፈራራቸውም፤ ታልፋለች ብሎም አልዋሸ። በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከግማሽ በታች ያመጣ ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ እንደማይገባ፣ ብዙ ልጅም እዚያ ላይ እንደሚቀር ነገራቸው። ሐረግ ራሷ ኬሚስትሪ እንደሚከብዳት አመነች። እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ኬሚስትሪ ላይ ትበርታ፣ በየሴሚስተሩ ውጤቷን አብረን እንይ፣ ካልሆነም የጤና ኮሌጅ ምን እንደሚጠይቅ ከአሁኑ እንወቅ አለ። መንገዱን ጠዋት ከሚማሩ የሠፈሩ ልጆች ጋር እንደሚያገናኛትም ቃል ገባ።

ጎማው ተቀየረና ከተማ ገባን። እኔም ነገሩ ስላጓጓኝ ተከትያቸው ትምህርት ቤት ሄድኩ። መዓዛና ፋሲካ ሰልፉ ላይ ለሐረግ ቦታ ይዘው እየጠበቁ ነበር። የኔታ በጥብቅ መምህር ድምፅ ሁለቱንም ምን መሆን እንደሚፈልጉ ጠየቋቸው። ፋሲካ ጠበቃ አለች፤ ሶሻል ልክ ነው። መዓዛ ግን ሐረግን አየት አድርጋ፦ «እኔስ ኮምፒውተር ነበር። ሐረግ ሶሻል ልትገባ ነው ሲሉኝ ነው የተውኩት» አለች።

ሐረግ አፏን ያዘች። እሷንም ሶሻል ያሏት መዓዛ ሶሻል ልትገባ ነው ተብሎ ነበር!

መዝጋቢው ሰልፉን ያዛችሁ ብሎ ሲቆጣ የኔታ ፊቱ ቆሙ። «አንተ ልጅ፣ ታገሥ። ዛሬ ነው የጠየቅናቸው» አሉት። ሐረግና መዓዛ ናቹራል ተመዘገቡ፤ ጠዋት ጠዋት አብረው ይሄዳሉ። ፋሲካ ከሰዓት ትማራለች፣ ምሳውን ሠርታ ትጠብቃቸዋለች፤ እራት ደግሞ የእነሱ ተራ ነው።

እናንተ ወላጆች፣ ልጃችሁ አሥረኛ ሳይጨርስ አስቀምጣችሁ ጠይቁት። ምን መሆን እንደሚፈልግ፣ ለዚያ የትኛው ትምህርት እንደሚያስፈልግ፣ የቱ እንደሚከብደው። የጠየቀ ሰው ሁለት ዓመት በከንቱ አያስፈጅም፤ ልጁም የሚያጠናው ለምን እንደሆነ ያውቃል። የኔታ ያን ቀን ከትምህርት ቤቱ ሲወጡ ወንድማገኝን ክንዱን ይዘው ያሉት ይሄን ነው፦ «ቤቴ ያሉትን ተማሪዎችም አንድ በአንድ ልጠይቃቸው ነው።»